የሦስተኛው ፎቅ ልስን

ሰኞ፣ 56 ቀን ቀርቶታል

በዚህ ደብተር ወርና ዓመት አልጽፍም። ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች የግድግዳ ካላንደር አለ። እኔ ያለኝ ሪፖርት ነው፤ ሪፖርቱ የሚገባበት ሰኞ አለ፤ ከዚያ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። የነርሶች ማሰልጠኛው ቦርድ አምሳ ዓመት የሞላውን ባለ አራት ፎቅ ህንፃ አፍርሶ በቦታው አዲስ መሥራት ይፈልጋል። ደንቡ ግን ከመፍረሱ በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያሰላ ያዛል፦ አሮጌውን ማደስ፣ ወይም አፍርሶ አዲስ መሥራት፣ በሚቀጥሉት ስልሳ ዓመታት አየሩ ላይ የሚጥሉት ሸክም ስንት ስንት ነው? ያ ሰው እኔ ነኝ። ሲሚንቶው ሲቃጠል፣ ብረቱ ሲቀልጥ፣ መኪናው ሲመላለስ፣ ፍርስራሹ ሲጣል፣ መብራቱ ሲበራ የሚወጣው ሁሉ በቶን ካርቦን ይመነዘራል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሥራዬን ለሰው ሲያስረዳ "ጭስ ትመዝናለች" ይል ነበር። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም።

አለቃዬ ፋይሉን ሲሰጠኝ ቦርዱ መልሱን እንደሚያውቀው፣ የጎደለው ስሌቱ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጠኝ ደሜ ይሞቃል። መጥፎ ጠባይ ነው።

ለአባቴ ገና አልነገርኩትም። ህንፃው የእሱ ነው። ባለቤቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሲሠራ ፎርማኑ እሱ ነበር።

ረቡዕ፣ 54

ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ዞርኩት። መስኮቶቹ ነፋስ ያስገባሉ፤ ቧንቧዎቹ ያለቅሳሉ። ደረጃው ግን ሰፊ ነው፤ ሁለት ሰው ቃሬዛ ይዞ ሳይጋጭ እንዲወርድበት ታስቦ የተሠራ።

መግቢያው ላይ የአዲሱ ህንፃ ምስል ተሰቅሏል። በየበረንዳው ዛፍ አለ። የሰባተኛውን ፎቅ ዛፍ ማን ውሃ እንደሚያጠጣው አልተጻፈም። ከፊት አንዲት ሴት በስፖርት ልብስ ትሮጣለች፤ የእሷ ጥላ ወደ ቀኝ፣ የዛፉ ጥላ ወደ ግራ ይወድቃል። ከሥሩ "አረንጓዴ ህንፃ" ይላል።

ሦስተኛ ፎቅ፣ የሰሜኑ ረድፍ። ሌላው ቦታ ልስኑ ልስን ነው፤ አይሰደብም፣ አይመሰገንም። እዚያ ያሉት ጥቂት ምሰሶዎች ግን እንደ መስታወት ለስልሰዋል። ጠርዛቸው በክር የተሰመረ ይመስላል፤ በአምሳ ዓመት አንድ ስንጥቅ አላወጡም። እጄን አሳረፍኩባቸው። የወደዳቸው ሰው የለሰናቸው ይመስላሉ። ፎቶ አነሳሁ። ለሪፖርቱ አያስፈልግም።

ቅዳሜ፣ 51

ምሳ ላይ ለአባቴ ነገርኩት። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ከዚያ ህንፃ አጠገብ ባለፍን ቁጥር፣ ልጅ ሆኜም ትልቅ ሰው ሆኜም፣ አንገቱን በመኪናው መስኮት አውጥቶ "ይኼ ህንፃ ገና እኔን ይቀብረኛል" ይላል። እናቴ "እስቲ ዛሬ እንኳ ዝም ብለን እንለፍ" ትለው ነበር። ስለዚህ ህንፃው እኔ እጅ መግባቱ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

ማንኪያውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ።

"ትበሱታላችሁ?" አለኝ።

ገና እንዳልተወሰነ ነገርኩት።

"ሲበሳ ግን የቱን ነው የምትበሱት?"

ለጥንካሬ ምርመራ ከየፎቁ ጥቂት ምሰሶ፣ አልኩት። ጉልበቱን ያሽ ጀመር። ቀኑ ቀዝቃዛ ነው፤ ጉልበቱ ከሁላችንም ቀድሞ ያውቃል።

ሐሙስ፣ 46

የአጽሙን መስመር ሞላሁ። አጽም የምንለው ህንፃውን የሚሸከመውን ነው፦ መሠረቱን፣ ምሰሶውን፣ ወለሉን። አሮጌ ህንፃ ሲታደስ ለአጽሙ ዜሮ ይጻፋል፤ ጭሱ ያኔ ሲሠራ ወጥቶ አልቋልና። ይህን ሥራ የምወደው ለዚህች ዜሮ ስል ነው።

ዜሮዋ ግን ቅድመ ሁኔታ አላት። አጽሙ ገና ስልሳ ዓመት መሸከም አለበት። አጠገቧ "ቀሪ ዕድሜ" የሚል ሳጥን አለ፤ በሥርዓቱ ቢሆን ምሰሶ ተበስቶ፣ የወጣው ናሙና ላቦራቶሪ ውስጥ ተጨፍልቆ ነው የሚሞላው። ግን ምሰሶ የሚበሳው መሐንዲስ ሌላ ሳይት ላይ ነው። ተማሪዎቹም ፈተና ላይ ናቸው፤ ድምፁ ይረብሻቸዋል። ለጊዜው 60 ብዬ ሞላሁ። "ምንጭ" በሚለው ዓምድ ደግሞ፦ የቃል መረጃ፣ የግንባታው ፎርማን።

ለጊዜው ተብለው የተሠሩ ስንትና ስንት ህንፃዎች ገምግሜያለሁ። ሁሉም ቆመዋል።

ማክሰኞ፣ 41

የጭነት መኪና ርቀት። የቀለም ዓይነት። መስኮት፦ 212። ደግሜ ቆጠርኩ፣ 211። ነገ ሦስተኛ ዙር።

አባቴ ቁርስ ላይ፦ "አዲስ ቢሠሩት ምን አለበት? አፍርሰው ይገላገሉት።" ዕድሜ ልኩን ያወራለትን ህንፃ። ንድድ አለኝ። እርጅና ነው።

ሰኞ፣ 35

ወጣ።

አፍርሶ አዲስ መሥራት፦ በስልሳ ዓመት 4,600 ቶን። አሮጌውን ማደስ፦ 3,400። አዲሱ በየዓመቱ ትንሽ መብራት ይቆጥባል፤ ሲሠራ ያወጣውን ጭስ በዚያ ቁጠባ ለማካካስ ግን መቶ ሃያ ዓመት ይፈጅበታል። መቶ ሃያ። በረንዳው ላይ ያሉት ዛፎች እንኳ አይደርሱበትም።

አለቃዬ ሁለቴ አነበበው፤ መነጽሩን አውልቆ ሦስተኛ አነበበው። "ይኼን ቦርዱ ፊት ቆመሽ ትይዋለሽ?" አለኝ። እላለሁ አልኩት።

ረቡዕ፣ 33

ቦርዱ ፊት ቆሜ አልኩት።

ምስሉን የሠራው አርክቴክት ዛፎቹ ካርቦን እንደሚመጥጡ አስታወሰን። ስንት? አልኩት። ብዙ፣ አለኝ። ለብዙ መለኪያ ስለሌለኝ በዜሮ እንደምይዘው ነገርኩት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ።

ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ የነርሶች አለቃ ናቸው። ሰው ሲናገር ዝም ብለው ሲያዩት የልብ ምቱን የሚቆጥሩ ይመስላል። ጣታቸውን አንድ ሳጥን ላይ አሳረፉ።

"ይኼ ስልሳ ዓመት የሚለው ከማን የመጣ ነው?"

"ከህንፃው ፎርማን።"

"እሳቸውን ከየት አገኟቸው?"

"ቤት። አባቴ ነው።"

አርክቴክቱ ሳቀ። ሰብሳቢዋ አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

"እኛ ዘንድ ታማሚ ደህና ነኝ ስላለ ብቻ አናሰናብተውም" አሉ። "ይበሱት።"

ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ጀማሪ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ወረቀቱን እመልስለት ነበር፤ በቀይ።

እሁድ፣ 29

የሚበሱትን አሥራ ሁለት ቦታዎች ፕላኑ ላይ መረጥኩ። ከየፎቁ ሦስት። የሰሜኑን ረድፍ ተውኩት፤ ያን ልስን መብሳት ነውር መሰለኝ።

አባቴ ከጓዳ በስልክ ያወራ ነበር፤ ከድሮ ጓደኛው ከአናጢው ጋር። ድምፁን ዝቅ ያደረገ ይመስለዋል፤ ጆሮው ስለደከመ ዝቅታው የሌላ ሰው ከፍታ ነው። "እሷ አታውቅም" ይላል። "አይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። እንዴት ብዬ ልንገራት?"

የጉልበት ሐኪሙ ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀዶ ጥገና ታዞለት ደብቆኛል ማለት ነው። ነገ ሐኪሙን እጠይቃለሁ።

ማክሰኞ፣ 27

ሐኪሙ፦ ቀዶ ጥገና የሚባል ነገር የለም። ታዲያ የማላውቀው ምንድን ነው? ይቆየኝ፤ ዛሬ ምሰሶ የሚበሳበት ቀን ነው።

መሐንዲሱን ሰው ሁሉ ሰርሳሪው ነው የሚለው። ሲጠሩት አቤት ይላል። አሥራ ሁለቱን ቦታ በየተራ በሳ፤ ናሙናዎቹ እንደ ሻማ ድፍን ሆነው ወጡ። ኩራት ኩራት አለኝ፤ የሠራኋቸው እኔ ይመስል። ከዚያ ፕላኑን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፦

"እህቴ፣ የሦስተኛ ፎቅ ሰሜኑን ለማን ተውሽው?"

ልስኑ አሳዝኖኝ ነው አልኩት።

"እኔን ደግሞ ልስን ሲያምር ነው የሚያስፈራኝ" አለና ከደረጃው ሁለተኛውን ምሰሶ በሳ።

አሥራ ሦስተኛው ናሙና ድፍን ሆኖ አልወጣም። ጠጠሩ ለብቻው፣ ሲሚንቶው ለብቻው፣ መሃሉ ባዶ። ሰርሳሪው መዳፉ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ።

ዓርብ፣ 24

የላቦራቶሪ ውጤት ደረሰ። አሥራ ሁለቱ ከሚፈለገው በላይ ጠንካራ። አሥራ ሦስተኛው ለመጨፍለቅ እንኳ አልበቃም።

አንድ ብቻ ነው እኮ፣ አልኩት። ሰርሳሪው እንደ ልጅ አስረዳኝ። አንድ ምሰሶ ቢታመም ይጠገናል። ለምን እንደታመመ ካልታወቀ ግን ሌሎቹ ስንቶቹ እንደታመሙ አይታወቅም፤ መቶ ምሰሶ ደግሞ እንደ ወንፊት መብሳት አይቻልም። ስለዚህ አጽሙን ሃያ አምስት ዓመት ብሎ ብቻ ነው የሚፈርምልኝ።

ማክሰኞ፣ 20

60ን አጥፍቼ 25 ጻፍኩ።

አሁን ማደስ ማለት አንዴ አድሶ፣ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ደግሞ አፍርሶ መሥራት ማለት ነው። 5,800 ቶን። አዲሱ ያው 4,600። አንድ ሳጥን ነው የነካሁት።

አለቃዬ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ አንዳንዴ ያስቸግራል። የመጀመሪያውን ቁጥር ማንሳት አያስፈልግም፣ "በተጨማሪ ጥናት ተሻሽሏል" ብለን እንለፈው አለኝ። አልሆነም። ለሰብሳቢዋ በእጄ ጻፍኩ፦ ስልሳ ዓመት ያልኩት ሳልፈትሽ ነው፤ ስህተቱ የእኔ ነው፤ የፎርማኑ አይደለም።

የመጨረሻዋን ሐረግ ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ መለስኳት።

ሃያ ቀን ቀርቶኛል። ምክንያቱን እፈልጋለሁ። የግንባታውን መዝገብ፣ የድሮ ፎቶ፣ የተገኘውን ሁሉ።

ዓርብ፣ 17

መዝገቡ የለም። ምድር ቤት ውሃ ገብቶ ተበላሽቷል። ፎቶ አንድ ተገኘ፤ ሪባን ሲቆረጥ። ምሰሶ አይታይም፤ የባለሥልጣናት ሆድ ብቻ።

እራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት። አልቋል፤ ይፈርሳል አልኩት፤ በአንድ ምሰሶ ምክንያት።

"የቱ ነው?" አለ።

"ሦስተኛ ፎቅ፣ ሰሜን፣ ከደረጃው ሁለተኛው።"

"እሱን ብቻ ነው ያያችሁት?"

"እሱን ብቻ። ምክንያቱን ስላላወቅነው ሌላው ሁሉ ተጠርጥሯል። መቶውም።"

"መቶውም?"

"መቶውም፣ አባዬ።"

ሳህኑን ገፋ አደረገ። ከዚያ "ሌላው ምን አደረገ?" አለ። ለእኔ አይመስለኝም የጠየቀው። ደክሞኝ ስለነበር ሳህን አጥቤ ተኛሁ። ምን ነበር ትንሽ ብቆይ።

ቅዳሜ፣ 16

ጠዋት አልጋው ተነጥፏል፤ እሱ የለም። ከዘራውም የለም።

ሦስት ሰዓት ላይ የህንፃው ጥበቃ ደወለ። "አንድ ሽማግሌ ጠመኔ ይዘው መጥተዋል። ተቆጣጣሪ ነኝ ይላሉ። ላስገባቸው?" አስገባቸው አልኩት። "አስገብቻቸዋለሁ እኮ" አለ፤ "ላስወጣቸው ወይ ለማለት ነው።"

ስደርስ ሦስተኛ ፎቅ፣ በሰሜኑ ረድፍ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ምሰሶዎቹ ላይ በነጭ ጠመኔ መስቀለኛ ምልክት አድርጓል። ቆጠርኩ። አምስት።

እሁድ፣ 15

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ እንዳለ ልጻፈው፤ ሳልጨምር።

በዚያ ጉልበቱ ሦስት ፎቅ ወጥቶ ነበር። ደረጃው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። ሳልጠይቀው ጀመረ።

"ከቀትር በኋላ አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠጋጋው ቫይብሬተር ተበላሸ። አርማታው ተቦክቷል፤ ሰዉ ቆሞ ያየኛል። ፎርማን ከሆንኩ ሦስት ሳምንቴ ነበር። አቁሙ ማለት ነበረብኝ። ሙሉት አልኩ። በፌሮ ብረት እየጎሰምን ሞላነው። የታሰረበት ሣንቃ፣ ካሳፎርማው፣ ሲፈታ ጠጠሩ ጥርሱን አግጥጦ አየኝ። ተቆጣጣሪው ሳይመጣ በፊት በገዛ እጄ ለሰንኳቸው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አሳምሬ ለስኜ አላውቅም።"

የህንፃው አርማታ በእጅ ተጎስሞ የተሞላው ያን ቀን ብቻ ነው። በማግሥቱ ሌላ ቫይብሬተር መጣ። ያን ቀን የተሞሉት እነዚህ አምስቱ ናቸው። ሌሎቹን አንድ በአንድ ያስታውሳቸዋል፤ የትኛው በየትኛው ቀን፣ ማን ውሃ እንዳመላለሰ፣ የትኛው ቀን እንደዘነበ ጭምር።

እና በመኪና ስናልፍ ሁሌ የምትለው፣ ይቀብረኛል የምትለው ምን ነበር? አልኩት።

"ዛሬም ሳይወድቅ ቆሞ ሳየው ነዋ የምለው" አለ።

ታዲያ ለምን ይፍረስ አልክ?

"ከፈረሰ ማንም አያየውማ። ገላገለኝ ብዬ ነበር። ግን መቶውም አልሽ።" ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። "ሌላው እኮ ደህና ነው። ሌላውን እኮ በደንብ ነው የሠራሁት።"

ቤት ስንመለስ የመጀመሪያውን ሳምንት ፎቶዬን አወጣሁ። እንደ መስታወት የለሰለሱት አምስት ናቸው። አሥራ ሁለት ቦታ ስመርጥ አንዱንም አልነካሁም። ልስኑ አሳዝኖኝ ነው። ልስኑ ነው።

ረቡዕ፣ 12

ሰርሳሪው የአዛውንት ወሬ ማስረጃ እንደማይሆን ነገረኝ። ትክክል ነው፤ አንዴ ተምሬዋለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም በሳ፦ ጠመኔ ያለባቸውን፣ እንዲሁም ዙሪያቸውን ጠመኔ የሌለባቸውን አሥራ አንድ።

አምስቱ ባዶ ባዶ። አሥራ አንዱ ድፍን።

"አባባ፣ ከመሣሪያዬ ይበልጣሉ" አለው አባቴን።

"መሣሪያህ አምሳ ዓመት አልተሸከመውም" አለ አባቴ።

ሰርሳሪው ስልሳ ብሎ ፈረመ፤ አምስቱ ተከፍተው በአዲስ አርማታና ብረት የሚታቀፉ ከሆነ። ለዚያ የሚሆነው ሲሚንቶና ብረት አሥር ቶን ጭስ ነው። ዜሮ የነበረችው ሳጥን አሥር ሆነች። እንዲህ ስትሆን ይበልጥ ወደድኳት።

እሁድ፣ 8

የቀረው አንድ ዓምድ ነው። ምንጭ።

አለቃዬ "ከታመነ ምንጭ የተገኘ መረጃ" እንድል መከረኝ። አባትሽ ናቸው፣ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ምን አመጣው ብሎ። ለአንድ ሙሉ ቀን በጄ ብዬ ቆየሁ። አፍሬ አይደለም። ምናልባት አፍሬ ነው።

አባቴን ጠየቅኩት። ጋዜጣውን ሳያጥፍ፦ "መጀመሪያ ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?"

የግንባታው ፎርማን፣ አልኩት።

"ሲያሞግሱኝ ፎርማን፣ ስሳሳት ምንጭ?" አለ። "እንደነበረ ተይው።"

ዓርብ፣ 3

ማተሚያው ቀለም ጨረሰ። መስኮት፦ 211። በቃ፣ 211 ነው።

ሰኞ፣ 0

አባቴ ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። ኮት ለብሶ ነበር፤ የቀብር ኮቱን።

ማደስ፦ 3,410። አዲስ፦ 4,600። መጀመሪያ የተሳሳትኩትን፣ ቀጥሎ የተገኘውን፣ እንዴት እንደተገኘ በቅደም ተከተል ተናገርኩ። አርክቴክቱ በአምስት ምሰሶ የዋሸ ሰው በስድስተኛው እንደማይዋሽ በምን እናውቃለን አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አሥራ አንዱን የላቦራቶሪ ወረቀት ሰጠሁት። አንድ በአንድ አነበባቸው፤ በዚያ አከበርኩት።

ሰብሳቢዋ የምንጩን ዓምድ አነበቡ። "ፎርማኑ ውጭ ያሉት ናቸው?" አሉ። አዎ አልኩ። ተነስተው በሩን ከፈቱና አባቴን ለጥቂት ጊዜ አዩት። እሱም ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። "ደረጃውን አስፍቼዋለሁ፣ ለቃሬዛ" አላቸው።

"አውቃለሁ" አሉ ሰብሳቢዋ። "ሃያ ሁለት ዓመት ወርጄበታለሁ።" ወደ ወንበራቸው ተመልሰው፦ "የሚያመውን ቦታ በጣቱ ያሳየ ታማሚ ግማሹን ሥራ ጨርሶልናል። እጅ እናውጣ።"

ሰባት ለሁለት። ይታደሳል።

ስንወጣ የመግቢያው ምስል ገና እንደተሰቀለ ነበር። ሴትዮዋ እየሮጠች ነው። ዛፎቹን ማን እንደሚያጠጣቸው ሳይታወቅ ቀረ።

ቅዳሜ፣ ካለፈ 19 ቀን

አምስቱ ምሰሶዎች ዛሬ ተከፈቱ። ልስኑን ሌላ ሰው አይነካም አለ አባቴ። ሠራተኞቹ መሮና መዶሻ ይዘው ቆመው ጠበቁት። ሰርሳሪው መሰላሉን ያዘለት፤ እኔ ጉልበቱን፣ በዓይኔ።

መጀመሪያ በጣቱ አንኳኳ። ከዚያ መሮውን ጠርዙ ላይ አሳርፎ፣ አንዴ፣ ቀስ ብሎ መታ። እየተፈረካከሰ ይወርዳል ብዬ ነበር፤ እንደ በር በአንድነት ተላቀቀ። ከሥሩ ጠጠሩ እንዳለ ነበር።

"ይኸውልሽ" አለኝ። ከዚያ መሰላሉን ወደ ሁለተኛው አስጠጉልኝ አለ።

እኔ ከሥር የወደቀውን ሰብስቤ መዘንኩ። ሥራዬ ነው። ከአምስቱም ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ወጣ፤ ፍርስራሽ በሚለው ዓምድ አስገባሁት።

መዳፍ የምታህል አንዲት ቁራጭ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ናት። አልመዘንኳትም። ሪፖርቱ በእሷ ልክ ተሳስቷል፤ አላርመውም።